ባሕሩን ልትጠይቅ የወጣችው ምባርካ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 7 ቀን 2019፣ ሐሙስ ዕለት፣ ከያዝኩት የቦታ ስሞች ዝርዝር ሠላሳ ሁለተኛው መስመር ባዶውን ቀረ። ከሱ በላይ ያሉት ሠላሳ አንድ መስመሮች በእጄ ጽሑፍ ተሞልተዋል፤ የቦታው ስም፣ ከወንዙ አፍ ያለው ርቀት በእርምጃ፣ ስሙ የወጣበት ምክንያት። ሠላሳ ሁለተኛው ላይ ተራ ቁጥሩ ብቻ አለ። ቁጥሩን ቀድሜ ጽፌው ነበር። አክስቴ ምባርካ ስሙን ልትነግረኝ ስትል ሰዓቴን አየሁ፤ ወደምሠራበት ወደ ቃቢስ ከተማ የሚሄደው አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ነው። ሳይ አየችኝና «ያኛውን ነገ» አለችኝ።

ሙያዬ መዝገብ መጠበቅ ነው። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት የተማርኩት የተጻፈውን ከተባለው፣ የተባለውን ከተደረገው ለይቶ ማስቀመጥ ነው። ስለዚህ ስለ አክስቴ የማውቀውን በዚያው ደንብ እጽፋለሁ፤ ስሕተቴንም ጭምር።

መታወቂያዋ ላይ የልደት ቀኗ ጃንዋሪ 1 ቀን 1953 ይላል። ይህ ትክክል አይደለም። በመንደራችን በዋድ ነዋር ልደቱ በጊዜው ያልተመዘገበ ሰው ሁሉ የተወለደው ጃንዋሪ 1 ነው። እሷ የምትለው ቴምር በሚቆረጥበት ሰሞን መወለዷን ነው፤ ስለዚህ ወሩ ኦክቶበር ወይም ኖቬምበር መሆን አለበት። ባሏ ሳልም ለሥራ ሊቢያ ወጥቶ በሦስተኛው ዓመት መርዶው መጣ። ልጅ አልወለደችም። እናቴ ስትሞት እኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ለቅሶው ሳያልቅ እጄን ይዛ ወደ ቤቷ ወሰደችኝ። ማንንም አላስፈቀደችም። አባቴ በኋላ ቅር ብሎት ሲጠይቃት፣ «አንተ ወጥ መሥራት ስትማር እመልስልሃለሁ» ማለቷን ራሱ ነው የነገረኝ። አባቴ ወጥ መሥራት አልተማረም።

አሸዋው ላይ የወጣችው በ1973 ነው። በኛ ዘንድ ባሕሩ ሲሸሽ ሩቅ ነው የሚሸሸው። ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበትና አዲስ በምትወጣበት ሰሞን ጠዋት ላይ ውኃው ተነሥቶ ይሄዳል፤ አሸዋው ጉብታ የለው፣ ድንጋይ የለው፣ እርጥብ ምንጣፍ የተዘረጋ ይመስል ዓይን እስኪደክም ድረስ ለጥ ብሎ ይቀራል። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ሸጉጠው፣ ማጭድና ቅርጫት ይዘው በባዶ እግራቸው ይወጣሉ። አጎንብሰው የሚፈልጉት ጎን ለጎን የሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች ነው፤ ከስንዴ ፍሬ አይበልጡም። ዓይን ይባላሉ። ከዓይኖቹ በታች ዛጎሉ አለ። ማጭዱ አንዴ ገባ ብሎ ወጣ ይላል። እኔን ያሳደገኝም፣ ያስተማረኝም ይኸው ነው።

የዋድ ነዋር ሴት ግን ይህን አፍ አውጥታ አትናገርም። ዛጎሉ አሸዋ ውስጥ ሆኖ ይሰማል ይባላል። «ልለቅም ነው» ያለች ቀን ዓይኑን ጨፍኖ ይውላል፤ ከሷ ብቻ ሳይሆን ከጓደኞቿም ይደበቃል። ስለዚህ ማጭዷን በብብቷ ይዛ የምትሄድን ሴት ወዴት ነሽ ብትሏት መልሷ አንድ ነው፤ «ባሕሩን ልጠይቅ»። የታመመ ዘመድ እንደሚጠየቅ፣ የወለደች እንደምትጠየቅ ማለት ነው። እኔም ልጅ ሳለሁ አስተማሪዬ አክስትሽ ምን ትሠራለች ሲሉኝ «ትጠይቃለች» ብያቸው ክፍል ውስጥ ተስቆብኛል። የሳቁት ከከተማ የመጡት ናቸው። የመንደሩ ልጆች አልሳቁም።

በሜይ 2016 የባሕር ዳር መሬቶችን የሚመዘግብ ኮሚቴ ከዋና ከተማ መጣ። እኔ ያን ጊዜ በቃቢስ መዝገብ ቤት አዲስ ተቀጣሪ ነበርኩ፤ የአካባቢው ተወላጅ ናት ተብዬ ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆኜ ተላክሁ። ሰብሳቢው ከአሸዋው ዳር ወንበር አስዘርግተው አሥራ አንድ ሴቶችን ተራ በተራ ጠየቁ። እዚህ ቦታ ላይ ምን ትሠራላችሁ። አሥራ አንዱም ባሕሩ ከጆሯቸው አጠገብ እየሰማቸው አንድ መልስ መለሱ፤ ልንጠይቅ ነው የምንመጣው። አክስቴ ሰባተኛዋ ነበረች። የያዝኩት ቅጽ አራት ምርጫዎች ነበሩት፤ ባለይዞታ፣ ተከራይ፣ ሠራተኛ፣ ጎብኚ። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዘወር ብለው «ጎብኚዎች ናቸው ማለት ነው» አሉ።

ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ አውቅ ነበር። እዚያ ከነበሩት ሁሉ ሁለቱንም ትርጉም የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ቢሆንም መዝገብ ያዥ የተባለውን ይጽፋል እንጂ የመሰለውን አይጽፍም ብዬ አሥራ አንድ ጊዜ «ጎብኚ» ላይ ምልክት አደረግሁ። ማታ ለአክስቴ አልነገርኳትም።

በዚያ ቅጽ መሠረት የባሕር ዳሩ ቋሚ ተጠቃሚ የሌለው ባዶ አሸዋ ተብሎ ተመዘገበና በሚቀጥለው ዓመት ለአንድ የመዝናኛ ኩባንያ ተሰጠ። ኩባንያው ከበላዩ ሆቴል ሠራ፣ በር አቆመ፣ ግራና ቀኙን በካስማና በገመድ አጠረ። ሴቶቹ ግን አልተከለከሉም፤ ይህ በደብዳቤው ላይ በግልጽ ተጽፏል። ጎብኚ በመሆናቸው በጎብኚ ሰዓት፣ በበሩ በኩል፣ የሆቴሉ እንግዳ የሚያስረውን የእጅ ላስቲክ አድርገው መግባት ይችላሉ። ስለት ይዞ መግባት ክልክል ነው።

አክስቴ በመጀመሪያው ቀን በበሩ ሄደች። በረኛው ለዝሃር የሚባል የመንደራችን ሰው ነበር፤ እናቱና እሷ አብረው ነው ያደጉት። ኩባንያው ለእንግዳ እንዲህ ብለህ ተናገር ብሎ አሠልጥኖት ስለነበር፣ «እርስዎ እንኳን ደህና መጡ፣ እጅዎን ይስጡኝ» አላት።

«ከመቼ ወዲህ ነው እርስዎ የሆንኩት?»

«አለቃዬ እያየ ነው፣ አክስቴ።»

«ይየኝ። እሱንም አላውቀውም፣ እርስዎ የምትላትንም አላውቃትም። እኔን የምታውቀኝ ከሆነ በሩን ልቀቅ።»

ለዝሃር ማጭዱን ካላስቀመጠች ሥራውን እንደሚያጣ ነገራት። ላስቲኩን ተቀበለችው። ተመልሳ ወጣችና በበሩ ፊት ለፊት ታስራ የነበረችውን አህያዋን ጆሮ ላይ አሰረችው። ከዚያ ማጭዷን እንደያዘች ገመዱን ተከትላ ወደ ታች ወረደች። ገመዱ መሐል አሸዋ ላይ አለቀ። መሬቱን ለኩባንያው የለኩት ሰዎች የመጡት ባሕሩ በሞላበት ሰዓት ነበር፤ በዋና ከተማ ባሕር ከቦታው የሚንቀሳቀስ ነገር ስላልሆነ ውኃው የደረሰበትን ዳርቻ ብለው ጻፉ። አክስቴ የመጨረሻውን ካስማ ዞረችና በወዲያኛው በኩል ወጣች። ሌሎቹ ሴቶች ተከተሏት። አህያዋ ላስቲኩን ይዛ በሩ ላይ ሁለት ወር ያህል ቆመች፤ ለዝሃር በየጠዋቱ «እንግዳችን ደህና አደርሽ» ይላት እንደነበር ሰምቻለሁ።

ኩባንያው ነገሩ ሲገባው ካስማዎቹን በጀልባ እየጫነ አሸዋው ላይ እስከ ሩቁ ድረስ ተከለ። ባሕሩ ደግሞ እየመጣ ነቀላቸው። እዚህ ላይ አክስቴ ያደረገችውን ብዙ ሰው አልገባውም። የተነቀለ ካስማ ባገኘች ቁጥር ተሸክማ ለበረኛው ትመልሳለች። ጋሊያ የምትባለው ጓደኛዋ፣ ምላሷ ከማጭዷ የሚሰላ ሴት፣ ለጠላትሽ አጥር ትለቅሚያለሽ ወይ፣ ወስደሽ አንድጂው ብላ ተቆጣቻት። አክስቴ የመለሰችላትን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«የነሱ የሆነ ነገር እኛ ዘንድ እንዲያድር አልፈልግም።»

በኦክቶበር 2018 ጠባቂዎች በጀልባ መጥተው የአራት ሴቶችን ማጭድ ነጠቁ። ያን ጊዜ ሴቶቹ አቤቱታ አስገቡ። አቤቱታው ለማጣራት ወደ እኛ መዝገብ ቤት ተመራ፤ የ2016ቱን ቅጽ እንዳወጣ የታዘዝኩትም እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ምልክቶች፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ። የእጅ ጽሑፌን ሳየው ምን እንደተሰማኝ ለመዝገብ አይጠቅምም። ያን ቀን ማታ መንደር ሄጄ ለአክስቴ ሁሉንም ነገርኳት። ድንች እየላጠች ነበር። ልጣ ጨረሰች።

«ታዲያ ያልነውን ነው የጻፍሽው» አለች።

«ያላችሁትን አይደለም የጻፍኩት።»

«እሱን ካወቅሽ አስተካክይው» አለችና ድንቹን ወደ ድስቱ ከተተችው።

ጉዳዩ በጃንዋሪ 21 ቀን 2019 በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ እንዲሰማ ተቀጠረ። ማስተካከያው ቀላል ነበር። ሴቶቹ አንዴ «ሠራተኞች ነን፣ ዛጎል እንለቅማለን» ካሉ ምልክቱ ከአራተኛው ሳጥን ወደ ሦስተኛው ይዛወራል። ሁሉም በስማቸው እንድትናገር አክስቴን ወክለው ነበር። ይህን እንድትል እኔ ሦስት ቀን ለመንኳት። አዳራሹ ከባሕሩ ሩቅ ነው አልኳት። መስኮት ይዘጋል አልኳት። እሷ ግን ነፋሱ በዚያ ሰሞን ከየብስ ወደ ባሕር እንደሚነፍስ ታውቅ ነበር፤ ወሬ በነፋስ ይሄዳል።

ሰብሳቢው ያው ሰው ነበሩ። ፊታቸው ደክሞታል እንጂ ክፉ አልነበሩም፤ መልሱን ራሳቸው ሊያጎርሷት ሞከሩ።

«እማማ፣ አሸዋው ላይ የሚሄዱት ለሥራ ነው አይደል?»

«ልጠይቅ ነው የምሄደው።»

እኔ አንገቴን ደፋሁ። ሰብሳቢው ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«እንግዲያው ጎብኚ ነኝ ነው የሚሉኝ።»

«አንተ ልጄ፣ የአባትህን ቤት ልትጠይቅ ስትሄድ በሩ ላይ ቲኬት የሚቆርጥልህ ማነው?»

አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ሳቁ። ሰብሳቢው አልሳቁም፤ አባታቸው እንደሞቱ ነገሯት።

«አላህ ይማራቸው። ቤቱስ ረሳህ?»

መልስ ሳትጠብቅ ቀጠለች። አርባ ስድስት ዓመት በየጨረቃው መጠየቋን፣ ከሷ በፊት አማቷ፣ ከአማቷ በፊት የአማቷ እናት መጠየቃቸውን ተናገረች። ቃሉን አልለውጥም አለች። ቃሉ ልክ ነው፣ ያጠረው ወረቀታችሁ ነው፣ ሳጥን ጨምሩበት አለች። የኩባንያው ጠበቃ ተነሥቶ፣ ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ቦታው ላይ ቤት የለ፣ ዛፍ የለ፣ ምልክት የለ፣ ማንም የሚያየው ባዶ አሸዋ ነው፤ ባዶ መሬት ደግሞ የሚጠየቅ ነገር የለውም አለ።

«ባዶ?» አለች አክስቴ። «ስም የሌለው አንድ ክንድ አሸዋ እዚያ አታገኝም።»

ሰብሳቢው ብዕራቸውን መልሰው ያነሡት እዚህ ላይ ነው። ስሞቹ በዝርዝር፣ ከነርቀታቸው፣ እስከ ማርች 22 ድረስ ይቅረቡ ብለው ወሰኑ። ስም ያለው ቦታ ባዶ ተብሎ አይመዘገብም፤ ይህ በደንቡ ላይ አለ። እኔም አውቀው ነበር፤ ስሞቹ እንደ ማስረጃ የሚቆጠሩ አልመሰሉኝም እንጂ።

ቤት ቁጭ ብላ ብትነግረኝ ኖሮ በአንድ ቀን ይያዝ ነበር። እምቢ አለች። ስም የሚነገረው ቦታው ላይ ተቁሞ ነው፤ በሌለበት ካሙት ይሸሻል። ስለዚህ የባሕሩን መሸሽ መጠበቅ ነበረብን፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ አራት ወይም አምስት ጠዋት፣ ያውም ነፋስ ካልከለከለ። ጉልበቷ ያማት ነበር። እኔ ከሥራ ፈቃድ በሰዓት እየቆጠርኩ እመጣለሁ። እሷ ከፊት፣ እኔ እርምጃ እየቆጠርኩ ከኋላ። ወሬ ስታወራኝ ቁጥሩ ይጠፋብኛል፣ ተመልሼ ከወንዙ አፍ እጀምራለሁ። «ጥሩ ነው፣ እግርሽም ይማር» ትለኛለች።

አንደኛው «ጫማ ማውለቂያ» ነው። ሰባተኛው «የሙሽራዋ ኩል»፤ አንዲት ሙሽራ በሠርጓ ሳምንት ወጥታ የኩል ዕቃዋን የጣለችበት። እስካሁን የሚፈልገው አለ። አሥራ ሁለተኛው «ዝም በይ» ይባላል፤ እዚያ አሸዋው ስስ ስለሆነ ማንም አያወራም፣ እኔም ስሙን የጻፍኩት በምልክት ነግራኝ፣ ካለፍነው በኋላ ነው። ሃያ ሦስተኛው «የጋሊያ ቁጣ» ነው። ጋሊያ በአማቷ ተናዳ ቅርጫቷን ከነዛጎሉ ወደ ባሕር የወረወረችበት። ይህን መጻፌን ስትሰማ ቤታችን ድረስ መጣች።

«ዙሁር፣ ስሜን ከመንግሥት መዝገብ አውጪልኝ። ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።»

«አሸዋው ዕድሜሽን አልጠየቀሽም» አለቻት አክስቴ።

ጋሊያ ሄደች። በማግሥቱ ተመልሳ፣ ካልቀረ ቅርጫቱ አዲስ እንደነበር ይጻፍ አለች። ተጽፏል።

ሠላሳ አንደኛው «ወገብ ማቅኛ» ነው፤ ከወንዙ አፍ አንድ ሺህ ሦስት መቶ አርባ እርምጃ። እስከዚያ ድረስ ለቅመው የደረሱ ሴቶች ቀና ብለው ወገባቸውን የሚያቀኑበት። ማርች 7 ጠዋት እዚያ ደረስን። እሷም ቀና ብላ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። ከዚያ ወዲያ ያለውን አሸዋ የ1990ው ማዕበል ቀይሮት ስለነበር፣ ከዚያ ዓመት ወዲህ እዚያ የምትሄደው እሷ ብቻ ናት፤ ስሙንም ያወጣችው እሷ ናት። ጣቷን ቀሰረች። እኔ ሰዓቴን አየሁ።

ከቀትር በኋላ ጋደም አለች፣ አልተነሣችም። መርዶው ቢሮ ደረሰኝ።

ዝርዝሩን ማርች 20 አስገባሁ። ሠላሳ አንድ ስም፣ ሠላሳ ሁለተኛው መስመር ከነቁጥሩ ባዶ። የኮሚቴው ጸሐፊ ደውሎ ባዶውን መስመር እንድሰርዝ ጠየቀኝ፤ ዝርዝሩን ያልተሟላ ያስመስለዋል። ያልተሟላ ነው አልኩት። እንግዲያው የሆነ ስም ጻፊበት አለኝ። ጋሊያም ከልቧ፣ በአክስትሽ ስም እንጥራው ብላኝ ነበር። ለሁለቱም የመለስኩት አንድ ነው፤ ቦታው ስም አለው። እኛ አናውቀውም እንጂ ስም አለው። በመዝገብ ሥራ ባዶ የሚባለውና ያልተጻፈው የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዴ አምታትቻቸው አሥራ አንድ ሴቶችን አስበድያለሁ፣ ሁለተኛ አላደርገውም። ጸሐፊው በኃላፊነቴ እንድፈርም ነገረኝ። ከመስመሩ ጎን፣ «ስሙ አለ፤ አልተመዘገበም» ብዬ ፈረምኩ።

ኤፕሪል 11 ውሳኔው ወጣ። ሆቴሉ ባለበት ይቆያል። ባሕሩ ሲሸሽ የሚገለጠው አሸዋ በሙሉ፣ ባዶው መስመር ያለበትን ጨምሮ፣ የሴቶቹ ነው፤ ካስማዎቹ ይነሡ፣ ማጭዶቹ ይመለሱ። ቅጹ ላይ አምስተኛ ሳጥን ተጨመረ። ሳጥኑ ውስጥ የገባው ቃል «ነባር ባለ ልማድ» የሚል ነው። ቃሉ አልጣመኝም፤ እሷም ብትሰማው ትስቅበት ነበር። ሴቶቹ ዛሬም ማጭዳቸውን ይዘው ሲወጡ ወዴት ነው ሲባሉ ያንን አይሉም።

የቀረው የመጨረሻ ቀኗ ነው። እኔ ከተለየኋት በኋላ ያለውን ያገኘሁት ከለዝሃርና ከበሩ መዝገብ ነው። «ወገብ ማቅኛ» አጠገብ ባሕሩ የነቀለው አንድ ካስማ ወድቆ አግኝታ፣ በዚያ ጉልበቷ ትከሻዋ ላይ አድርጋ በሩ ድረስ አመጣችው። ለዝሃር ተቀበላትና ተቀመጪ አላት። አልቀመጥም አለች። ውኃ ሰጣት፣ ቆማ ጠጣች። አለቃው በዚያ ቀን ስላልነበረ እርስዎ አላላትም። ካስማውን በደንብ ትከሉት፣ እየመጣ እኛ ጋ ያድራል አለችው። የበሩ መዝገብ ላይ የተጻፈው በለዝሃር እጅ ነው፤ እንዳለ ገልብጬዋለሁ። ስም፦ ምባርካ። የመጣችው ማንን ልትጠይቅ፦ እዚህ ማንንም፤ ካስማ ልትመልስ። የገባችበት ሰዓት፦ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከአርባ። የወጣችበት፦ አምስት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት።